የጣናን የንጋት ፎቶ በ120 ሳ.ሜ. ስፋት አሳትሞ ለመስቀል ምን ማድረግ ይገባኛል?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ በጣና ዳር አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላት። ባለፈው ጥቅምት ከዘጌ ዳርቻ ያነሣሁትን የንጋት ፎቶ በትልቁ አሳትሜ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ልሰቅልላት ቃል ገብቼላታለሁ። ፎቶው ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ የተነሣ ነው። በግራ በኩል ጥቅጥቅ ያለ ደንገል፣ ከመሀል ጥቂት ወደ ቀኝ አንዲት ታንኳ ከነቀዛፊዋ፣ ከላይ ደግሞ ከብርቱካናማ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ቀስ እያለ የሚለወጥ ሰማይ ይታይበታል። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክሰል ነው፤ ምስሉ 6000 በ4000 ፒክሰል ሲሆን ራው ፋይሉም (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ምስል) በእጄ ይገኛል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ፋይሉን በቴሌግራም ለአንድ ማተሚያ ቤት ልኬ፣ በ120 በ90 ሳ.ሜ. መጠን በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ታተመልኝ። ሰማዩ እንደ ደረጃ በተቆራረጡ ቀለማት ተከፋፍሎ፣ ደንገሉ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ፣ የታንኳዋ አፍንጫ ተቆርጦ፣ አድማሱም ወደ ቀኝ አዘንብሎ መጣ። ከእነዚህ ጉድለቶች አብዛኞቹን በኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ ጨርሶ አላየኋቸውም ነበር።

ፎቶው የሚሰቀልበት ግድግዳ 4 ሜትር ስፋት አለው፤ እንግዶች የሚቀመጡት 2 ሜትር ያህል ርቀው ነው። ከግድግዳው ፊት ለፊት ወደ ሐይቁ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለ፤ በክረምትም አዳራሹ እርጥበት ይይዛል። 24 ሜጋፒክሰል ለዚህ መጠን ይበቃል? ፋይሉን እንዴት ላዘጋጀው? ፍሬሙስ ምን ዓይነት ይሁን? ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአንድ ፎቶ አንሺ

ሁኔታውን በዝርዝር ስለገለጹት ለመልስ አልተቸገርኩም። በመጀመሪያ፣ የፒክሰሉ ነገር አያሳስብዎት። 6000 ፒክሰል ለ120 ሳ.ሜ. ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 50 ፒክሰል ይደርሰዋል። ጤናማ ዐይን በ1 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ በመሆኑ፣ በዚያ ርቀት ለሳንቲ ሜትር 35 ፒክሰል ያህል ይበቃል፤ በ2 ሜትር ደግሞ የዚያ ግማሽ እንኳ ቢሆን ጉድለቱ አይታወቅም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «በኢንች 300 ፒክሰል» የሚለው መለኪያ በእጅ ተይዞ በቅርብ ለሚታይ ሕትመት የሚስማማ ነው፤ ለግድግዳ ሥዕል ያን ያህል መፈለግ ሰውን ያለ ምክንያት ያስጨንቃል።

የታንኳዋ አፍንጫ የተቆረጠው በመጠኑ ምርጫ ምክንያት ነው። የካሜራዎ ምስል ስፋቱና ቁመቱ 3 ለ2 ሲሆን፣ 120 በ90 ግን 4 ለ3 ነው። ቁመቱ እንዳለ ተይዞ ወደዚያ ቅርጽ ሲገባ ከስፋቱ 667 ፒክሰል፣ ማለትም 11 በመቶ ያህል ይቀራል፤ በእርስዎ ፎቶ ደግሞ ያ የቀረው ታንኳዋ የምትሄድበት ውኃ ነው። ስለዚህ 120 በ80 ብለው ይዘዙ። ከዚህ የተለየ ቅርጽ ካስፈለገም መቁረጡን ራስዎ ይፈጽሙት እንጂ ለማተሚያው አይተዉት። ወደ ቀኝ የሚቀዝፍ ሰው ከፊቱ የሚሄድበት ውኃ ሊኖረው ይገባል፤ የግድ መቀነስ ካለበት ከግራ ከደንገሉ ይቀነስ። እኔ ብሆን ግድግዳው 4 ሜትር ስለሆነ ከሰማዩ ላይ ቀንሼ 150 በ75 አድርጌ አሳትመው ነበር፤ ያን ጊዜም ለሳንቲ ሜትር 40 ፒክሰል ይኖርዎታል።

ስለ አድማሱ ጥቂት ልበል፤ በሐይቅ ፎቶ ላይ ከሁሉ በፊት ዐይን የሚያርፈው እዚያ ነውና። የ1 ዲግሪ ማዘንበል በስልክ ላይ አይታወቅም፤ በ120 ሳ.ሜ. ሕትመት ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የ2 ሳ.ሜ. ልዩነት ይፈጥራል። በጣና ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከማዶ የሚታየውን የዳርቻ መስመር አድማስ ነው ብለን በእርሱ ስለምናቃና ነው። ዳርቻው ከእኛ እየራቀ የሚሄድ ከሆነ በፎቶው ላይ ዘንበል ብሎ መታየቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ እርሱን ስናቃና ሐይቁን እናዘነብለዋለን። ከዚያ ይልቅ ቀዛፊውንና በውኃው ላይ ያረፈውን ነጸብራቁን ይመልከቱ። ከምስሉ መሀል ብዙ ስላልራቀ ሰውየውና ነጸብራቁ በአንድ ቀጥ ያለ የቁም መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ እነርሱ ሲቃኑ ውኃው ይቃናል። ሰፊ ሌንስ ተጠቅመው ከሆነም አስቀድመው የሌንሱን የማጉበጥ ጠባይ በማስተካከያው ፕሮግራም ያርሙ።

በመጨረሻም ሰማዩን በሙሉ መጠን ከፍተው ከጥግ እስከ ጥግ ይፈትሹት። የካሜራዎ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) 24 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ምስሉ 50 ጊዜ ይጎላል ማለት ነው፤ በሴንሰሩ ላይ የሚሊ ሜትር ሃያኛ የሚያህል የአቧራ ጥላ በግድግዳው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ ነጠብጣብ ይሆናል።

መልስ፦ በማተሚያ ቤት የምሠራ

በመጀመሪያው ሕትመት ላይ የደረሰው ጉዳት በየቀኑ የማየው ነው። በቴሌግራም አንድ ምስል «ፎቶ» ተብሎ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፤ ይጨመቃልም፤ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። የሚሻለው በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው።

የሰማዩ መቆራረጥ ሌላም ምክንያት አለው። በ8 ቢት ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም ያሉት ደረጃዎች 256 ብቻ ናቸው። የንጋት ሰማይ ከእነዚህ የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው፤ ለምሳሌ 40 ደረጃዎች በ60 ሳ.ሜ. ቁመት ላይ ቢዘረጉ እያንዳንዱ ደረጃ 1 ሳ.ሜ. ተኩል ስፋት ያለው ቅዳጅ ሆኖ ይታያል። ቀለሙን በጄፔግ ፋይል ላይ ደጋግመን ስናደምቅ ደግሞ ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ስለሆነም ሥራውን ከራው ፋይሉ እንደ አዲስ ይጀምሩ፤ እስከ መጨረሻው እጅግ ብዙ የቀለም ደረጃ ባለው በ16 ቢት ይሥሩ፤ ፋይሉን ጥራቱን በማይቀንሰው በቲፍ ዓይነት ያስቀምጡ። ሲጨርሱ በሰማዩ ላይ በፕሮግራሙ በጣም ደቃቅ ቅንጣት (ግሬይን) ቢጨምሩ ሽግግሩ ይለሰልሳል፤ በ2 ሜትር ርቀት ቅንጣቱን ማንም አያየውም።

ደንገሉ የጠቆረው ስክሪንዎ ከመጠን በላይ ስለሚያበራ ይመስለኛል። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። ነጭ ወረቀት በአዳራሹ መብራት ሥር ከስክሪኑ ጎን ይያዙና የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ነጭ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ብሩህነቱን ይቀንሱ። ያን ጊዜ ደንገሉ በስክሪንዎም ላይ ጨልሞ ይታይዎታል፤ የጥላውን ክፍል ብቻ ለይተው ግንዱ ከግንዱ እስኪለይ ብርሃኑን ከፍ ያድርጉት። ማተሚያ ቤቱ ለወረቀቱና ለማሽኑ የተዘጋጀ የቀለም ፕሮፋይል (ቀለማት በዚያ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚወጡ የሚገልጽ ፋይል) ካለው ይጠይቁና ሕትመቱ ምን እንደሚመስል በፕሮግራሙ አስቀድመው ይዩት፤ ከሌለው ፋይሉን በተለመደው የቀለም ክልል፣ በኤስ-አርጂቢ ይስጡት፤ ሳይጠይቁ ሰፋ ያለ የቀለም ክልል መስጠት ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ውኃውን ሰማያዊ ለማድረግ አይሞክሩ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የክረምቱን ደለል ይዘው ስለሚገቡ ጣና ከዝናቡ በኋላ ቡናማ መልክ ይይዛል፤ የሀገሩ ሰው ያንን መልክ ያውቀዋል።

ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት በትክክለኛው መጠን 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ያሳትሙ፤ አንዱ ደንገሉንና ሰማዩን፣ ሌላው ታንኳዋን የያዘ ይሁን። ወደ አዳራሹ ወስደው በጠዋት፣ በቀትርና በማታ አምፖል ይመልከቷቸው። ወረቀቱ የማያብለጨልጭ ይሁን፤ መስኮት ፊት ለፊት የሚያብለጨልጭ ወረቀት ፎቶውን ሳይሆን መስኮቱን ያሳያል። በአንዳንድ ማተሚያ ቤት ትልቅ ሕትመት ሲባል ወዲያው የማስታወቂያ ባነር ይቀርባል፤ እርሱ ለውጭ ማስታወቂያ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አስተያየት፦ ከሌላ አባል

ፋይሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠሩ ፕሮግራሞች ወደ 12000 ፒክሰል ማሳደግ ይቻላል፤ እኔ ለሕንፃ ፎቶ ተጠቅሜበት ረክቻለሁ።

መልስ፦ ከፎቶ አንሺው

ለሕንፃ ይሠራ ይሆናል፤ ለደንገል ግን አልመክርም። እነዚህ ፕሮግራሞች የሌለውን ዝርዝር ገምተው ይሞላሉ፤ የደንገሉን ጫፍ ሣር፣ የታንኳዋን እስር ደግሞ ገመድ ወይም እንጨት አስመስለው ሲመልሱ አይቻለሁ። ታንኳ ሲታሰር ያየ ሰው በአንድ እይታ ያውቀዋል። ፒክሰሉ ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ ይህን መጋበዝ አያስፈልግም። የምስሉን ጠርዞች የሚያጎላው ማስተካከያ (ሻርፕኒንግ) መጠኑ ከተወሰነ በኋላ በመጨረሻ ይደረግ፤ ሰማዩን ግን አይንካ።

መልስ፦ ፍሬም የሚሠራ አናጺ

ስለ ፍሬሙ እኔ ልመልስ። በሐይቅ ዳር ቤት ፎቶን የሚያጠፋው እርጥበት ነው። የፎቶው ፊት መስታወቱን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ሌሊት በመስታወቱ ውስጥ የሚቋጠረው ጠል ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሳይቀደድ አይለቅም። ለዚህ የተለመደው መላ በመካከሉ ወፍራም የካርቶን ህዳግ ማስገባት ነው፤ ነገር ግን ለ120 ሳ.ሜ. የሚሆን አንድ ወጥ ካርቶን ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ እኔ በፍሬሙ ጠርዝ ሥር የሚደበቅ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን ጠርብ አስገባለሁ። ለዚህም ሲባል በሕትመቱ ዙሪያ 2 ሳ.ሜ. ነጭ ህዳግ ያስተዉ።

እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን በደንብ የደረቀ ይሁን። በክረምት ከእርጥብ ጣውላ የተሠራ ፍሬም በ45 ዲግሪ የተገጠሙት ማዕዘኖቹ በበጋ አፋቸውን ይከፍታሉ። ወረቀቱን የሚነካው የውስጥ ጠርዝ በቫርኒሽ ይዘጋ፤ ጥሬ እንጨት ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያወይበዋል። ፎቶውን በኮላ ወይም በፕላስተር ከጀርባው ሰሌዳ ጋር አይለጥፉት። ከላይ ብቻ በሦስት ቦታ በቀጭን የወረቀት ማንጠልጠያና በስንዴ ስታርች ይያዝ፤ ወረቀት በክረምት ይለጠጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፣ ዙሪያውን ከታሰረ ግን ይጨማደዳል። ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱ ማዕዘን ቁራጭ ቡሽ ይለጥፉ፤ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል አየር ይለፍ።

ስለ መስኮቱም አንድ ነገር ላስታውስ። ብርሃን ቀለምን ስለሚያደበዝዝ፣ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አያስገባም የሚለው የሰሜን ሀገሮች ምክር እዚህ አይሠራም። በባሕር ዳር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ጠዋትና ማታም በሰያፍ ትገባለች። በእነዚያ ወራት መጋረጃው ይዘጋ።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አክስቴ ከሁሉ የምትወደው ሰማዩን ስለሆነ 150 በ75 የሚለውን ትቼ በ120 በ80 ጸናሁ። ሁለቱን ቁራጮች አሳትሜ ሦስት ቀን በአዳራሹ አስቀመጥኳቸው። ሰማዩ አሁን ሳይቆራረጥ ይለወጣል፤ ደንገሉ ግን በቀትር ጥሩ ሆኖ በማታ አምፖል አሁንም ስለሚጨልም ብርሃኑን በጥቂቱ ከፍ አደረግኩት። ጋሼ አናጺው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ መስታወት ይሻላል ወይስ አክሪሊክ? ግድግዳው ብሎኬት ነው።

መልስ፦ አናጺው

ልጄ፣ ከነህዳጉ 124 በ84 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት በዚህ ስፋት 8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ አክሪሊክ ግን ከ4 ኪሎ አይበልጥም፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። እንግዳ የሚተላለፍበት ቤት ስለሆነ አክሪሊኩን እመርጥልሻለሁ። በሙቀት ስለሚለጠጥ በፍሬሙ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት እተውለታለሁ፤ እናንተም በአልኮልና በመስታወት ማጽጃ ሳይሆን በውኃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በአንድ ሚስማር አይንጠልጠል፤ 80 ሳ.ሜ. ተራርቀው በሚገቡ ሁለት ፊሸሮች ላይ ይሰቀል፤ የፎቶው መሀል ከወለሉ 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል። ሕትመቱ ከማሽኑ እንደ ወጣም ወዲያው አታምጪልኝ፤ ቀለሙ የሚተነው ነገር አክሪሊኩን ከውስጥ ስለሚያጨፈግገው፣ አቧራ በማይደርስበት ቦታ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተዘርግቶ ይቆይ፤ ከዚያ አምጪው።