አባታችን በሳንባ ካንሰር ሞቱ፤ የዘረ መል ምርመራ እናድርግ?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን በ58 ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር አረፉ፤ ያጨሱ ነበር። ታላቅ ወንድሜ 46 ዓመቱ ነው፣ 22 ዓመት ሙሉ በቀን 15 ሲጋራ ያጨሳል። «ምራቃችሁን ላኩ፣ ከዘር መኖሩን እንነግራችኋለን» የሚሉ አሉ። ገንዘቡን እናውጣ?

መልስ 1፦ አታውጡ፣ እህቴ። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የታመመበት ሰው አደጋው 1.5 እጥፍ ገደማ ነው፤ ማጨስ ግን ከ15 እስከ 30 እጥፍ ያደርሰዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ከሳንባ ካንሰር ጋር መያያዙ የታወቀው የ15ኛው ክሮሞዞም የዘር ልዩነት ያለው ኒኮቲን የሚያርፍበትን ተቀባይ በሚሠራው ዘረ መል ላይ ነው። ልዩነቱን የወረሰ ሰው ሱሱ ይጠናበታል፣ ጭሱንም አጥልቆ ይስባል። ከአንድ ወላጅ የተወረሰ አንድ ቅጂ በካንሰሩ አደጋ ላይ የሚጨምረው 30 በመቶ ገደማ ነው። ይህም ስሌት በአብዛኛው ከአውሮፓውያን የተወሰደ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ዘንድ የተለመደ ሲሆን በብዙው አፍሪካ ጥቂት ነው። ለወሎ ሰው ያንን ውጤት አንብቦ «ነጻ ነህ» ማለት ቀልድ ነው።

መልስ 2፦ ይልቅ ሲጋራውን አስሉ። በቀን 15 ሲጋራ ለ20 (አንድ ፓኬት) ሲካፈል 0.75 ፓኬት፣ በ22 ዓመት ሲባዛ 16.5 ፓኬት-ዓመት። የ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መመሪያ በየዓመቱ ዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን የሚያዘው ከ50 እስከ 80 ዓመት ለሆነ፣ 20 ፓኬት-ዓመት ለሞላውና እያጨሰ ላለ ወይም ካቆመ 15 ዓመት ላላለፈው ነው። ወንድምሽ ገና ነው፤ እንዲሁ ከቀጠለ ግን በ51 ዓመቱ ይገባበታል። በደረት ራጅ አትተኩት፤ ትንሽ ዕጢ ከልብና ከጎድን አጥንት ጥላ ኋላ ይደበቃል።

ጠያቂዋ፦ የአባታችን ወረቀት ላይ «ኢጂኤፍአር ተለውጧል» ይላል፤ የዘረ መል ስም ነው አሉን። ወደ እኛ አይተላለፍም?

መልስ 3 (ቤተ ሙከራ)፦ በአብዛኛው አይተላለፍም። ዕጢው ውስጥ በኋላ የተፈጠረ ለውጥ ነው፤ የሚጠቅመው ለታማሚው መድኃኒት ለመምረጥ ነው። ለሌሎች አንባቢዎች፦ ከዕጢው የተቆረጠው ናሙና በመጠኑ 10 እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን (ማቆያ ፈሳሽ) ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይቆይ። መኪና እየጠበቀ ሁለት ሳምንት ከከረመ ዲኤንኤው ይቆራረጥና ምርመራው ይከሽፋል። ናሙናው በሰም ተቀብሮ የሚቀመጥበትን ብሎክ ተረከቡ።

ጠያቂዋ፦ እናቴ ደላንታ ናት፤ በኩበት ትጋግራለች፣ ትንሽ ያስላታል።

መልስ 2፦ የቤት ውስጥ የኩበትና የማገዶ ጭስ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ተመድቧል፤ ምድጃውን ጭስ መውጫ አብጁለት። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈ አክታዋ በጂን ኤክስፐርት ለቲቢ ይታይ። ነጻ ከተባለችና ሳሉ ካልቀነሰ፣ ደም ካለው ወይም ከከሳች፣ በግምት የቲቢ መድኃኒት አታስጀምሯት፤ ሲቲ ይነሣላት።