የተቦደሰ ጀበናና አሮጌ ባልዲ ለግቢ ማስዋቢያ፣ እንዴት ላድርገው?

ሚሚ ዘሳሪስ፦
ሰላም የአበባ ወዳጆች፣ እንዴት ናችሁ። የእናቴን ጓዳ ስናጸዳ የወጣው ዕቃ በረንዳው ላይ ተከምሯል፣ ጎኑ የተቦደሰ ጀበና፣ የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የቆርቆሮ ባልዲዎች፣ አንድ ሙቀጫም አለ። ቆራሌው መጥቶ ሊወስደው ሲል ከለከልኩት፣ ምክንያቱም ለእንቁጣጣሽ ግቢዬን በነዚህ ላስውበው ፈልጌያለሁ፣ የፕላስቲኩን የአበባ ማስቀመጫ አልወደውም፣ እናቴ ስትሰራበት የኖረችው ዕቃ አበባ ይዞ ባየው ግን እንዴት ደስ እንደሚለኝ። እና ጀበናውን ሳልሰብረው ከስሩ እንዴት ልብሳው? ባልዲውስ በዚህ ዝናብ ዝገት አይጨርሰውም?

አናጢው፦
ሚሚ እህቴ፣ ጀበናው ባይበሳ ይሻላል። የተቦደሰውን ጎን ወደ ታች አድርገሽ አስተኚውና ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሪው፣ ከዛ አፉ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ፔቱኒያ ወይ ሌላ አጭር አበባ እየሰፋ እንዲሄድ አድርገሽ ትከይ፣ ቡና ተቀድቶ የፈሰሰ ነው የሚመስለው። የግድ ይበሳ ካልሽ አሳድሪው ውሃ ውስጥ፣ የምትበሺው ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፊ፣ ማቶት ላይ ሳይሆን አሸዋ ላይ አስቀምጪው፣ ትራፓኖው (መብሻ ማሽኑ) የመዶሻ ምቱ ጠፍቶ ቀስ ብሎ ይዙር፣ በቀጭን ፑንታ (መብሻ ጫፍ) ጀምረሽ ወደ ወፍራም ሂጂ፣ አትጫኚው።
ባልዲው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ ቀዳዳው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ነው መበሳት ያለበት፣ ዝገት የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነውና። ምስማሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ምቺው፣ ከውጭ ከመታሽው ውስጥ ያበጠ ከንፈር ይሰራና ውሃ ያቁርብሻል። ከዛ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዛ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዛ ዘይት ቀለም፣ በየመሃሉ በደንብ ይድረቅ። ሲያልቅ ድንጋይ ላይ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው ቂጡ እርጥብ መሬት እንዳይነካ። ሙቀጫው ውስጥ አፈር አትጨምሪ፣ እንጨት ስለሆነ ይበሰብሳል፣ ይልቅ ድፊውና ማንቆርቆሪያውን ከላይ አስቀምጪበት።

የድሬ ልጅ፦
አናጢው ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ስለ ውሃ ነው እባካችሁ ቀላል እንዳታደርጉት። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የነበረባት ከተማ ናት፣ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ ቀን ነው የምትናከሰው፣ የምትራባውም ቤት አካባቢ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ነው፣ አሮጌ ጎማ፣ ባልዲ፣ ጣሳ፣ እንስራ፣ እኛ ለማስዋቢያ የምንሰበስበው ማለት ነው። አዲስ አበባ ብርዱ ቢያግዛችሁም ማንቆርቆሪያውን ጭምር ከስሩ ብሱት። ቆላ ያላችሁ ደግሞ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው የአበባውን ስር ያቃጥለዋል፣ ውስጡን በጆንያ ሸፍናችሁ አፈሩን ጨምሩ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታም ፈልጉለት።

ሄለን ሜሪላንድ፦
ወይኔ ጀበናው፣ ዓይኔ ላይ መጣ! እኛ እዚህ ከስሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) ሰሃንና ስኒ እየገዛን በሲሊኮን እያጣበቅን የአበባ ቅርጽ እንሰራለን፣ ግቢ ላይ በብረት ዘንግ ሲተከል በጣም ያምራል። ውጭ አገር ያላችሁ ግን ሸክላውን ከበረዶው በፊት ወደ ቤት አስገቡት፣ የጠጣው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል። ሌላው፣ ቀለሙ የሚላላጥ አሮጌ ዕቃ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የሚበላ ነገር ምንም አትትከሉ፣ የድሮ ቀለም ሊድ (መርዛማ የእርሳስ ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ አበባ ብቻ ይሁን።

ሚሚ ዘሳሪስ፦
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም! ጀበናውን አልበሳውም፣ ወሰንኩ። ጤና አዳሙን ባልዲው ላይ ላደርግ ነበር፣ መሬት ላይ ይሆናል እንግዲህ። ምጣዱስ? ተጨማሪ ባልዲስ ርካሽ የት አገኛለሁ?

አናጢው፦
ባልዲ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂጂ፣ በጠዋት ግን፣ አገላብጠሽ ስሩን ሳታዪ እንዳትገዢ። ምጣዱን ጆንያ ውስጥ ከተሽ ስበሪው፣ ዓይንሽን ጠብቂ። ትልልቁን ስባሪ የመደቡ ዳር ዳር ላይ አቁመሽ ትከይው፣ አፈሩን ይይዝልሻል፣ ትንንሹን ደግሞ በየባልዲው ቀዳዳ ላይ ጎባጣውን ወደ ላይ አድርገሽ ጣል አድርጊ፣ ውሃው ይወርዳል አፈሩ ይቀራል። ፎቶ ላኪልን።