ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ውክልና እንዴት ትላክ?

ጤና ይስጥልኝ፤ ጥያቄው ከሸዋ ሮቢት ነው። በኤጀንሲ፣ በሕጋዊ ውል ሪያድ የገባች የቤት ሠራተኛ የ7 ወር ደመወዝ ሳይከፈላት ከአሠሪዋ ቤት ወጥታለች። ፓስፖርቷን እሱ ይዞታል፤ ቀድሞም «ጠፋች» ብሎ ሁሩብ (ሠራተኛዋ ኮበለለች የሚል ሪፖርት) አስመዝግቦባታል።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ መሆኑን ስለሚደነግግ በዚህ ነጥብ ላይ ክርክር የለንም። ያሰረን ውክልናው ነው። ኤጀንሲው «ያለ ውክልና ቤተሰብ አላነጋግርም» ይላል፤ ሪያድ ደግሞ ውክልና ለመስጠት መታወቂያ ስትጠየቅ የቀራት ያልታደሰው ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ፎቶ ብቻ ነው። ሊሴፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የመመለሻ ሰነድ) አውጥታ ብትመለስ ደግሞ የደመወዙ ነገር እዚያው ተዳፍኖ እንዳይቀር እንሰጋለን።

በእጃችን ያለው የውሉ ኮፒና ደመወዝ ስትጠይቅ የተላላከችው የዋትሳፕ ድምፅ ነው። የሚከፈላት በእጅ ስለነበር የባንክ መግለጫ የለም፤ ትልቁ ቀዳዳ ይኸው ነው።

በዚህ ያለፋችሁ፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አቤቱታውን ያለ ውክልና፣ በእናቷ ስም የተቀበላችሁ አለ? ሁሩቡን ማስነሣት ይቅደም ወይስ የደመወዝ ክሱ? ድምፁን ወደ ጽሑፍ ገልብጦ ማቅረብስ ይበቃል?