«ማታ ፒስት ነበርኩ» ሲል ሰክሮ ነው ተናድዶ?

አስጎብኚ ከባሕር ዳር፦
ሰላም ወገኖች። ወደ ዘጌና ክብራን ገብርኤል በጀልባ እንግዳ የማወጣ አስጎብኚ ነኝ። ትናንት ጠዋት አንድ እንግሊዛዊ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ መጣና ግማሽ ሊትር ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ «ማታ ፒስት ነበርኩ» አለኝ። ፊቱ ላይ ንዴት የለም። ባልደረባዬ ግን «ተናድጄ ነበር ማለቱ ነው፣ ሆቴሉ በድሎት ይሆናል፣ ጠይቀው» ብሎ ድርቅ አለ። የቱ ነው ልክ? እኔስ ብናገረው ነውር አለው? ስካሩ ያልለቀቀውን ሰው ጀልባ ጫፍ ላይ አላስቀምጥም። የተናደደውን ደግሞ ቀድሜ ማነጋገር አለብኝ።

ማንቸስተር የኖርኩ፦
ሰክሮ ነበር። እንግሊዝ «ፒስት» ካለ ጥንብዝ ብሎ መስከር ነው። ሞቅ ላለው ሰው «ቲፕሲ» ይላሉ። ሲጻፍ መጨረሻው «ዲ» ስለሆነ ብዙዎቻችን «ፒስድ» እንላለን፤ ሲነገር ግን «ት» ነው የሚሰማው። ሲናደዱ «ፒስት ኦፍ» ይላሉ። ያቺን «ኦፍ» በደንብ አዳምጣት። «ኦን ዘ ፒስ» ካሉህ ሊጠጡ ወጥተዋል ማለት ነው። «ቴኪንግ ዘ ፒስ» ግን ከመጠጥ ጋር አይገናኝም፣ ማሾፍ ነው።

አሜሪካኖች ጋር የሠራሁ፦
ባልደረባህም ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። አሜሪካዊ «ፒስት» ካለህ ያለ «ኦፍ»ም ተናድዷል። ስካርን «ድራንክ»፣ «ሃመርድ» ወይም «ዌስትድ» ይለዋል። አይሪሾችና አውስትራሊያውያን ግን እንደ እንግሊዞቹ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሰውየውን አገር እወቅ።

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
ስማው እንጂ አንተ አትናገረው፣ ወንድሜ። የቃሉ ሥር ሽንት ነው። ጓደኛሞች እርስ በርስ ይሉታል፤ አስጎብኚ ለእንግዳው ሲለው ግን ክብር ይነካል፣ ያውም ገዳም ደጃፍ ላይ። «ድራንክ» ስድብ አይደለም፤ ሆኖም ፊት ለፊት ሲነገር ወቀሳ ይመስላል። «ሃድ አ ፊው ድሪንክስ» በል። እኛ «ትንሽ ቀማምሷል» እንደምንለው ነው፤ ማንንም አያስቀይምም።

አስጎብኚ ከባሕር ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ኦፍ» አላለም፣ እርግጠኛ ነኝ። ለማንኛውም መሐል ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱን ራሴ አስሬለት ነው የሄድነው። መምህርት፣ አንድ ልጨምር፦ «ሃንጎቨር» የሚለውንስ ለእንግዳ ብለው ያስቀይማል?

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
እሱ ችግር የለውም። በጠዋት ራሱን ሲያመው «ሃንጎቨር ነው?» ብለህ ጠይቀው።