አስቸኳይ፦ ዲፓርትመንት መሙያው ዛሬ ይዘጋል፣ ሲስተሙ እየመለሰብኝ ነው

ፍሬሽ ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ምርጫው 11:59 ላይ ይዘጋል፣ አሁን 10 ሰዓት ሆኗል። ሦስት መርጬ ሰብሚት ስል በቀይ ጽፎ ይመልስብኛል። አባቴ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ካልሆነ ይላል፣ የእኔ ልብ ኤሌክትሪካል ላይ ነው፣ የዶርም ልጆች ሥራ ያለው ሶፍትዌር ነው ይላሉ። የቱን አንደኛ ላድርግ? እባካችሁ ቶሎ!

ብሎን ፈቺ
ሜካኒካልን ማንም አያስታውሰን? መኪናችሁ ሲቆም ትፈልጉናላችሁ ሃሃሃ

ጋሽ መሐንዲስ
ልጄ፣ ሙያ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው። ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ይፈጃል፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ካላመጣሽ ዲግሪው አይሰጥሽም። የማትወጂውን ትምህርት ይዞ እዚያ መድረስ ከባድ ነው። አባትሽን አክብሪ፣ ነገር ግን ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያቸው።

ኮድ በሌሊት
ሶፍትዌር ሙይ። አለቀ።

ሦስተኛ ዓመት
ጂፒኤሽ (አማካይ ነጥብሽ) ስንት ነው? ቀዩ ጽሑፍስ ምን ይላል?

ፍሬሽ ነኝ
3.1። «ሁሉንም ምርጫ ይሙሉ» ነው የሚለው። ግን የማልፈልገውን ለምን እሞላለሁ?

ሦስተኛ ዓመት
ችግሩ እሱ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለውን በሙሉ በቅደም ተከተል ካልደረደርሽ አይቀበልም። የማትፈልጊውን መጨረሻ አድርጊው። ሌላ ደግሞ፣ ከ11:59 ጎን ፒኤም የሚል አለ? ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ያህል አለሽ፣ ተረጋጊ።

የሰርኪት ልጅ
በእኛ ግቢ ምደባው በነጥብ ተራ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያለው ቀድሞ ይታያል፤ አንደኛ ምርጫው ከሞላ ሁለተኛውን፣ እሱም ከሞላ ሦስተኛውን ያዩለታል። እንዲህ ከሆነ ሶፍትዌር ባይደርስሽም አንደኛ ማድረግሽ ተራሽን አያቃጥልም። ስለዚህ የምር የምትፈልጊውን አስቀድሚ።

ቅሬታ አቅራቢ
የሁሉም ግቢ እንዲህ አይደለም! እኛ ጋ ምርጫውን አንደኛ ያደረጉት ቀድመው ተመደቡ፣ ሁለተኛ ያደረግነው ከእነሱ የተሻለ ነጥብ ይዘን ቀረን። መመሪያውን ሳታዪ እንዳትሞዪ። የመግቢያ ፈተና ውጤትም የሚደመርበት አለ። ሬጅስትራር ሳይዘጋ ሄደሽ ጠይቂ፤ ያምናውን መቁረጫ ነጥብም እዚያው ጠይቂያቸው።

ኮድ በሌሊት
ሶፍትዌር አልኩ እኮ።

እናት ዓለም
«ሥራ ያለው የቱ ነው» የሚለው ጥያቄ ራሱ ልክ አይመስለኝም። አንቺ የምትመረቂው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ የዛሬ ገበያ ያኔ አይጠብቅሽም። እኔ ብሆን የሁለተኛ ዓመት ኮርሶችን ዝርዝር አያለሁ። ሲቪል ስታቲክስና ሰርቬይንግ ነው፣ ኤሌክትሪካል ሰርኪትና ብዙ ሒሳብ፣ ሶፍትዌር ፕሮግራሚንግና ዳታ ስትራክቸር። የትኛውን ሌሊት ቁጭ ብለሽ ታነቢያለሽ?

ፍሬሽ ነኝ
ሰርኪት 🙏 አባቴን ግን ምን ልበለው?

የሰርኪት ልጅ
ኤሌክትሪካል ከፍ ሲል ፓወር፣ ኮንትሮል፣ ኮሙኒኬሽን እያለ ይከፈላል። ፓወር ማለት የኃይል ማመንጫ፣ ሰብስቴሽን፣ የመስመር ዝርጋታ ነው። አባትሽ ግንባታ ከወደዱ ይህን ንገሪያቸው። ሲቪልን ሁለተኛ አድርጊላቸው፣ በነጥብሽ ኤሌክትሪካል ከሞላም የምትገቢበት አለሽ።

ሦስተኛ ዓመት
ስትጨርሺ የመጨረሻውን ገጽ ስክሪንሾት አንሺ። ምደባው ከሞላሽው ጋር ካልተጣጣመ ቅሬታ የምታቀርቢው በእሱ ነው፣ የቅሬታ ቀኑም አጭር ነው።

አዲስ ገቢ
እኔስ ሶሻል ነኝ፣ ለኢኮኖሚክስ 2.9 ይበቃል?

ሦስተኛ ዓመት
ወንድሜ ለብቻው ጠይቅ፣ የእሷ ይዘጋባታል። ግቢህንም ጻፍ።