ወንድሜ ከእስር ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ሆነብኝ፣ ይሄ ነገር ይለቃል?

ትንሿ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ብዙ አመት ታስሮ በቅርቡ ነው የተፈታው፣ ተደስተን ነበር ግን አሁን ግራ ገብቶናል። በር ጋ ይደርስና ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሰው እስኪከፍትለት ነው የሚጠብቀው፣ እንዳየነው ሲያውቅ ደግሞ ይበሳጫል። ምን ትበላለህ ሲባል መልሱ ሁሌ "ያላችሁትን" ነው። ሌሊት ትንሽ ኮሽ ካለ ተነስቶ ይቀመጣል። አባቴ "ስንፍና ነው፣ ስራ ሲይዝ ይተወዋል" ባይ ነው። የሚገርመኝ ደግሞ ዋርድያ የነበረ ዘመድ አለን፣ ሚስቱ እንደምትለው እሱም ሌሊት እንደዛው ነው። ጠባቂውም ታሳሪውም እንዴት አንድ አይነት ይሆናሉ?

ወጥቻለሁ፦
የበሩ ነገር እኔም ላይ ነበር እህቴ። እዛ መቼ እንደምትነሳ መቼ እንደምትታጠብ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ሌላ ሰው ነው የሚወስንልህ፣ አመታት ሲያልፉ መወሰን ራሱ ይጠፋብሃል። እንደወጣሁ ሱቅ ገብቼ ሳሙና መምረጥ አቅቶኝ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ (መሳቅ ይቻላል)። ፊቱ ላይ ምንም ካላነበባችሁ አትቀየሙት፣ ስታዝንም ስትፈራም ካሳየህ የሚጠቀምብህ አይጠፋም ስለዚህ ፊትህን መዝጋት ትለምዳለህ። "ምን ትበላለህ" ከምትሉት "ይሄን ወይስ ያን" በሉት፣ በሩንም ሮጣችሁ አትክፈቱለት፣ ቆመ ብላችሁም አትዩት።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔም ዋርድያ ነበርኩ። እኛም እኮ ከነሱ ጋር ተቆልፎብን ነው የምንውለው፣ ልዩነቱ ማታ መውጣታችን ነው። ማን ከማን ጋር ቆመ፣ ማን እጁን ኪሱ ከተተ፣ ግቢው ዛሬ ለምን ዝም አለ እያልሽ ትውያለሽ (ከጫጫታው ይልቅ ዝምታው ነው የሚያስፈራው)፣ ከዛ ቤት ስትገቢ ያ ነገር ከዩኒፎርሙ ጋር አብሮ አይወልቅም። ልጆቼን እንደ ፍተሻ ነበር የማናግራቸው፣ ወዴት፣ ከማን ጋር፣ ለምን ዘገየህ። ራሱን ያጠፋ እስረኛ አንስተን በማግስቱ እንደተለመደው ቆጠራ ገብተናል፣ እንዴት ናችሁ ያለን የለም፣ ብትናገሪ ደግሞ ፈሪ ትባያለሽ። ስንቱ ጓደኛዬ መጠጥ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ሀቀኛው፦
ይቅርታ ግን የተበደለው ሰው ስነልቦናስ? ስለሱ ማን ጠየቀ?

ወጥቻለሁ፦
@ሀቀኛው ይጠየቅ፣ ፖስት ክፈትና እዛም እመጣለሁ። ይሄ ልጅ ግን ፍርዱን ጨርሶ ነው የወጣው፣ እንቅልፍ ማጣት ፍርዱ ላይ አልተጻፈም።

ሳይኮ ተማሪ፦
ሰው እዚህ ጋ ሁሌ የሚያነሳው የስታንፎርዱን ሙከራ ነው፣ በ1971 (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስነልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ዚምባርዶ ተማሪዎችን እስረኛና ጠባቂ አድርጎ ለሁለት ሳምንት ያሰበው በ6 ቀን የተቋረጠው። እኔ ብዙም አላምነውም፣ ጠባቂዎቹ ጠንከር እንዲሉ ይነገራቸው እንደነበር በኋላ ወጥቷል፣ በ2001 እንግሊዝ ውስጥ ሃስላምና ራይከር የሚባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ሲሞክሩ ደግሞ ጠባቂዎቹ እርስ በርስ መስማማት አቅቷቸው እስረኞቹ ናቸው የበረቱት። ስለዚህ ቦታው ሁሉንም አውሬ ያደርጋል የሚባለው አይመቸኝም፣ አመራሩና አያያዙ ብዙ ይወስናል። ጨለማ ቤት ግን ሌላ ነው፣ በ2015 የጸደቀው የተመድ የማንዴላ ህግ ሰውን በቀን 22 ሰዓትና ከዛ በላይ ብቻውን ዘግቶ በተከታታይ ከ15 ቀን በላይ ማቆየትን የከለከለው በምክንያት ነው። እህቴ አንድ ነገር ልብ በይ፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ላይ የተሰራ የ2007 ጥናት ከእስር በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋ ከሌላው ህዝብ 12 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል፣ ዋናው ምክንያት ሱስ አስያዥ እጽ ከመጠን በላይ መውሰድ ነው። ድሮ ይወስድ ከነበረ ወይም መኖር ሰለቸኝ አይነት ወሬ ካመጣ ይለምደዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ትንሿ እህት፦
እጽ የለበትም ተመስገን። ጨለማ ቤት ገብቶ ይሁን አይሁን ግን አናውቅም፣ ልጠይቀው? ደግሞ አባቴ የሌሊት ጥበቃ ስራ አግኝቶለታል፣ ጋሼ ጡረተኛው ምን ይላሉ?

ወጥቻለሁ፦
አትጠይቂው። ራሱ ሲጀምር ግን ስልክሽን አስቀምጪና ስሚው።

ጡረተኛው፦
የሌሊት ጥበቃ ይቅርበት ልጄ። ሌሊቱን ነቅቶ ኮሽታ ማዳመጥ አሁንም አልጋው ላይ የሚሰራው ነው፣ ያንኑ በደሞዝ ያጠናክሩበታል። ደሞዙ ቢያንስም የቀን ስራ፣ እጁ የሚደክምበትና ማታ የሚያስተኛው ፈልጉለት።