ዝቃጭ የሚወጣበትን ሪአክሽን በቪዲዮና በአኒሜሽን ማስተማር

ጥያቄ፦
የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሲልቨር ናይትሬት የገበታ ጨው (ሶዲየም ክሎራይድ) በሟሟበት ውሃ ላይ ሲንጠባጠብ ነጭ ዝቃጭ (የማይሟሟ ጠጣር) የሚወጣበትን ቪዲዮ አይተዋል። ሥዕል ሳስላቸው ግን ሶዲየምና ክሎራይድን ተለያይተው በሚገኙበት ውሃ ውስጥም ጥንድ ጥንድ አድርገው ነው የሚሥሏቸው። ቅንጣቶቹን የሚያሳየውን አኒሜሽን መቼ ላስገባው?

መልስ 1፦
መምህር፣ ቪዲዮውን ጠብታው ከመውደቁ በፊት ያቁሙትና በሁለቱም ቱቦ ውስጥ ያለውን ያስሏቸው፤ 3 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ዝቃጩን ያሳዩ፣ አኒሜሽኑ መጨረሻ ይምጣ። ድምፁን አጥፍተው ሁለቴ ያጫውቱት፦ መጀመሪያ ሲልቨርና ክሎራይድ ሲያያዙ፣ ቀጥሎ ሳይነኩ የቀሩትን ሶዲየምና ናይትሬት ብቻ ይከታተሉ። ሥዕላቸውን በሌላ ቀለም ካላረሙ ማየቱ ብቻውን ብዙም አይፈይድም።

መልስ 2፦
ብዙ አኒሜሽኖች እይታውን ለማቅለል የውሃ ሞሊኪውሎችን ያወጧቸዋል፤ ተማሪው አዮኖቹ (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ እንደ ሶዲየምና ክሎራይድ) ባዶ ቦታ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስለዋል። የውሃው ኦክሲጅን ወደ ሶዲየም፣ ሃይድሮጅኑ ወደ ክሎራይድ ዞሮ የሚታይበትን ይምረጡ። ክሎራይድ አረንጓዴ የተቀባው ለመለያ ብቻ መሆኑንም ይንገሯቸው።

መልስ 3፦
ቪዲዮው ረዘም ካለ ዝቃጩ በብርሃን ወደ ግራጫ ሐምራዊ ይጠቁራል፤ ሲልቨር ክሎራይዱ ፈርሶ ብር እየወጣ ነው። እዚያ ሳይደርስ ይቁረጡት፣ አለዚያ ሌላ ሪአክሽን ማስረዳት ሊኖርብዎ ነው። ኔትወርክ ከሌለ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ «ፌት» (PhET) ሲሙሌሽኖች፣ ኤችቲኤምኤል 5 የሆኑት (በብራውዘር የሚከፈቱት)፣ በፍላሽ ዲስክ ተይዘው ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ።